የዕድራችን ድንኳን

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ባረፉ ጊዜ የዕድራችን ድንኳን አሳፈረን። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የሐዘንተኞቹ ፍራሽ የተነጠፈው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ሌሊት ዶፉ ሲወርድ ሸራው ከመሐሉ ያንጠባጥብ ጀመር፤ የሟች ባለቤት የለበሱት ነጠላ ራሰ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ስለ ጣሪያ ማሰብ የለበትም። እሱን ማሰብ የእኛ የኮሚቴዎቹ ሥራ ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ተሰብስበን አዲስ ድንኳን እንዲሰፋ ወሰንን። ገንዘብ ያዡ፣ የዕድሩን ዕቃ የሚጠብቁት እማማ እና እኔ ሸራ ልንመርጥ መርካቶ፣ ሸራ ተራ ወረድን።

ነጋዴው ሦስት ዓይነት ዘረጋልን፦ የጥጥ ሸራ፣ ጥጥና ፖሊስተር የተቀየጠበት እና ላስቲክ የተለበጠ። ገንዘብ ያዡ ወዲያው ላስቲኩን ወደዱት። ውሃ ጠብ አያደርግም፣ በጨርቅ ተወልውሎ ይጸዳል፣ በጠየቅንባቸው ሱቆች ዋጋውም ያነሰ ነበር። እማማ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፦ «መቶ ሰው ሲያድርበት ትንፋሹ በየት ይወጣል?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ላስቲክ አየር አያሳልፍም። የሰዉ ትንፋሽና የቡናው እንፋሎት ሌሊት ከቀዝቃዛው ጣሪያ ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ያፍናል። የጥጥ ክር ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ሲያብጥ በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ሲደርቅ መልሶ አየር ያስተላልፋል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ቅይጡ ከመካከል ነው፤ ይተነፍሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በቀላሉም አይቀደድም። እኛ ቅይጡን መረጥን፤ ለጣሪያው በካሬ ሜትር 400 ግራም የሚመዝነውን፣ ለግድግዳው ቀለል ያለውን።

እናንተም የምትገዙ ከሆነ፣ «ንጹሕ ጥጥ ነው» የተባላችሁትን ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ ደጅ ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል። ሁለቱም ከታዩበት ቅይጥ ነው።

አንድ ነገር ግን በሸራ ምርጫ አይፈታም። ግድግዳው በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል፣ ሸራው ምንም ይሁን ምን፣ ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ቡናው ደጅ ይፈላ፣ ጀበናው ይግባ።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ እማማ አሮጌውን ሸራ ዘርግተው አሳዩኝ። እጥፉ በተደጋገመበት ሁሉ ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ነበረበት፤ በጣት ሲጫኑት ይበሳል። ትዝ አለኝ። ካቻምና ከአንድ ለቅሶ በኋላ ዝናብ ላይ እንዳለ ጠቅልለን፣ «ነገ እናሰጣዋለን» ብለን ግምጃ ቤቱ መሬት ላይ ጥለነው ነበር። ተረክቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ነገ ሳይመጣ ወራት አለፉ። ሸራውን የጎዳው የእኛ ስንፍና እንጂ ዝናቡ አልነበረም። አሁን ደንብ አውጥተናል፤ እርጥብ ከገባ በማግስቱ ይሰጣል፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል።

አዲስ የጥጥ ወይም የቅይጥ ሸራ ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት በውሃ ርሶ መድረቅ አለበት። ስፌቱ ላይ መርፌ የበሳው ቀዳዳ የሚደፈነው ክሩ አብጦ ሲቀመጥ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ይሻላል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ልጆች ከውስጥ ሸራውን በጣት እንዳይነካኩት ንገሯቸው፤ በተነካበት በኩል ውሃ ሊያሰርግ ይችላል።

እኛም አንድ እሑድ ድንኳኑን ተክለን ወጣቶቹ በባልዲ ውሃ ያለብሱት ጀመር። በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ከላይ ሰፈር መጡ። «ኧረ ማን አረፈ?»

«ማንም እማማ፣ ድንኳን እየፈተንን ነው።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። አላንጠባጠበም። ቡናውም ከደጅ መጣላቸው።