ልሳን በጓዳ፣ ልሳን በጉባኤ

በልሳን መናገር፣ ማለትም አማኝ በጸሎት ወይም በአምልኮ ጊዜ ተምሮ ባላወቀውና ብዙውን ጊዜ ራሱም በማይረዳው ቃል መናገሩ፣ ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት ክርስቲያኖችን እጅግ ካከራከሩ ጉዳዮች አንዱ ነው። አንዱ ወገን የመንፈስ ቅዱስ ሙላት የማይታበል ምልክት አድርጎ ሲይዘው፣ ሌላው ከሐዋርያት ዘመን ጋር ያበቃ፣ ዛሬ ቢታይም ከስሜት ግለት ያላለፈ ነገር ነው ሲል ያጣጥለዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል፤ ልሳን በግል ጸሎት ሊከበር የሚገባው ስጦታ ነው፣ በጉባኤ ፊት ግን ያለ ትርጓሜ ቦታ የለውም፣ የማንም ሰው እምነት መለኪያም ሊሆን አይችልም።

የክርክሩ ሥር ያለው በራሱ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እንደሚተርከው፣ በበዓለ ኀምሳ በኢየሩሳሌም የተገኙት፣ ከጳርቴና ከሜድ፣ ከግብፅና ከሮሜ፣ ከዐረብም አገር የመጡት ሰዎች ደቀ መዛሙርቱ ሲናገሩ እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ ሰምተዋል፤ በዚያ ስፍራ ልሳኑ ሰሚውን የሚያቀርብ እንጂ የሚያርቅ አልነበረም። በምዕራፍ 10 በቂሳርያ በቆርኔሌዎስ ቤት፣ በምዕራፍ 19 ደግሞ በኤፌሶን ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ ይኸው መጽሐፍ በበዓለ ኀምሳ ዕለት ስለ ተጠመቁት ሦስት ሺህ ያህል ነፍሳት በልሳን ተናገሩ አይልም፤ በምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም ደስ ብሎት መንገዱን ከመቀጠሉ በቀር በልሳን ስለ መናገሩ የተጻፈ ነገር የለም። እንግዲህ ልሳንን የእያንዳንዱ አማኝ የግዴታ ምልክት የሚያደርግ ትምህርት፣ ከኢትዮጵያ ስለ ወጣው የመጀመሪያ ክርስቲያን ምን እንደሚል ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል።

የቆሮንቶስ ሁኔታ ከኢየሩሳሌሙ የተለየ ነበር። ቆሮንቶስ ሮማውያን በ146 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ካፈረሷት በኋላ በ44 በዩልዮስ ቄሳር ትእዛዝ እንደ ገና የተቆረቆረች፣ በሁለት ወደቦቿ ከምሥራቅም ከምዕራብም ሸቀጥና ሰው የሚጎርፍባት፣ ነጻ የወጡ ባሪያዎችና አዳዲስ ባለጸጎች ለክብር የሚሽቀዳደሙባት ከተማ ነበረች። ይህ የፉክክር መንፈስ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱም ገብቶ፣ ምእመናኑ በጳውሎስ፣ በአጵሎስና በኬፋ ስም ተከፋፍለው፣ በጌታ ራት ማዕድ ላይ እንኳ ባለጸጋው ሲጠግብ ድኻው እየተራበ ይወጣ ነበር። ልሳንም በዚያ የደረጃ ሽሚያ ውስጥ ገብቶ፣ የሚናገረው ራሱን መንፈሳዊ የሚያሰኝበት፣ የማይናገረውም ራሱን ከአካሉ እንደ ተለየ ብልት የሚቆጥርበት መሣሪያ ሆነ።

ሐዋርያው ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ ከኤፌሶን ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት፣ ከምዕራፍ 12 እስከ 14 ያለውን ሰፊ ክፍል ለዚህ ጉዳይ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ጸጋ፣ ማለትም ያለ ዋጋ ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ስጦታ፣ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ለሁሉም ጥቅም መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ሁሉም በልሳን እንደማይናገሩ መልሱ በግልጽ በሚታወቅ ጥያቄ ያሳያል። ቀጥሎ ስለ ፍቅር የሚናገረውን ምዕራፍ 13 በመካከል ያስገባል፤ ይህ ምዕራፍ በሠርግ ቤት ለጌጥ የሚነበብ ሆኖ ቢለመድም፣ የተጻፈው በልሳን የሚመካን ጉባኤ ለመገሠጽ ነው። በምዕራፍ 14 ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በልሳን የሚናገር ሰው ለእግዚአብሔር እንደሚናገርና ራሱን እንደሚያንጽ፣ እርሱ ራሱም ከሁሉም ይልቅ በልሳን እንደሚናገር ይመሰክራል፤ በጉባኤ ግን በማይታወቅ ልሳን ከሚነገር 10 ሺህ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምር አምስት ቃል እንደሚመርጥ ያስታውቃል። ማነጽ ሲባል የሰውን እምነት ማጽናትና ማሳደግ ነውና፣ የጳውሎስ መመዘኛ የንግግሩ ኃይል ወይም የስሜቱ ግለት ሳይሆን አጠገብ ያለው ሰው መታነጹ ነው። ሥርዐቱም ግልጽ ነው፤ የሚናገሩት ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስት ይሁኑ፣ በተራ ይናገሩ፣ አንዱ ይተርጉም፣ የሚተረጉም ከሌለ ተናጋሪው በጉባኤ ዝም ብሎ ለራሱና ለእግዚአብሔር ይናገር። ከዚህ ሁሉ በኋላ በልሳን መናገርን እንዳይከለክሉ ያዝዛል፤ ስለዚህ መልእክቱን ለክልከላ የሚጠቅሰውም ለልቅነት የሚጠቅሰውም ግማሹን ብቻ አንብቧል።

ከሐዋርያት በኋላ ስጦታው በምሥራቅም በምዕራብም እየሳሳ ሄደ። በሁለተኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ በመንፈስ በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ወንድሞች እንዳሉ ሲጽፍ፣ በአራተኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉም ነገሩ በዘመኑ ስለማይታይ ክፍሉ ለመረዳት እንደሚያስቸግር ተናግሯል። አውግስጢኖስም ቤተ ክርስቲያን በየአሕዛቡ ቋንቋ መናገሯ ራሱ የበዓለ ኀምሳው ልሳን ፍጻሜ ነው ሲል አስተምሯል።

የዛሬው ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 መባቻ በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ፣ ቻርልስ ፓርሃም በሚመሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አግነስ ኦዝማን የተባለች ተማሪ በልሳን ተናገረች፤ ፓርሃምም ልሳን በመንፈስ ቅዱስ የመጠመቅ ማስረጃ ነው የሚለውን ትምህርት አስፋፉ። ይህን ትምህርት በሂውስተን የተማሩት ዊልያም ሲሞር ከባርነት ነጻ ከወጡ ወላጆች የተወለዱ ጥቁር ሰባኪ ሲሆኑ፣ በዘር መድልዎ ሕግ ምክንያት ትምህርቱን የተከታተሉት ከክፍሉ ውጭ ተቀምጠው ነው። ሲሞር እ.ኤ.አ. በ1906 በሎስ አንጀለስ በአዙሳ ጎዳና በመሩት ጉባኤ ጥቁርና ነጭ፣ ድኻና ባለጸጋ፣ ወንድና ሴት በአንድነት ተንበርክከው ጸለዩ፤ የዓለም የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴም ከዚያ ተነሥቶ ተስፋፋ። በዚያው ዓመት ጉባኤውን ሊጎበኙ የመጡት ፓርሃም ግን የዘሮቹን መቀላቀል አይተው ተጸየፉት፣ አወገዙትም። ሲሞር ኋላ ላይ ልሳን ብቻውን ማስረጃ መሆን እንደማይችልና የመንፈስ ቅዱስ ፍሬ ፍቅር መሆኑን ያስተማሩት ይህን የመሰለውን ነገር በዐይናቸው አይተው ነው። በልሳን እየተናገሩ ወንድምን መናቅ እንደሚቻል ከአዙሳ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሌላም ትምህርት አለ። ፓርሃምና ብዙ ተከታዮቻቸው የሚናገሩት ልሳን የሕያዋን ሕዝቦች ቋንቋ ስለ ሆነ ሚስዮናውያን ቋንቋ መማር አያስፈልጋቸውም ብለው ያምኑ ነበር። ከአዙሳ ወጥተው ወደ ሕንድ ወደ ካልካታ የሄዱት ሰባኪው አልፍሬድ ጋር ግን በቤንጋሊ መስበክ እንደማይችሉ ተረዱ፤ ሌሎችም በየአገሩ ይኸው ገጠማቸውና እንደ ማንኛውም መልእክተኛ ቋንቋ ለመማር ተቀመጡ። የቋንቋ ሊቁ ዊልያም ሳማሪን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ በልሳን የሚነገረው ድምፅ ተናጋሪው ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች የተውጣጣ እንደ ሆነ፣ የሰው ቋንቋ ያለው ሰዋስው እንደሌለው፣ ነገር ግን የአእምሮ ሕመም ምልክት እንዳልሆነ ደምድመዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድሩ ኒውበርግና ባልደረቦቻቸው በአምስት ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ በልሳን ሲጸልዩ ንግግርንና ፈቃድን የሚቆጣጠረው የአንጎል የፊት ክፍል እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል። ይህ ሁሉ ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር መድረስ አለመድረሱን ሊወስን አይችልም፤ ቃል ያጣ ልብ በሚያሰማው ድምፅ መጸለዩ ከጳውሎስ ምስክርነት ጋር አይጋጭምና። የሚያስረዳው ግን ትርጓሜ የሌለው ልሳን ለሰሚው ምንም እንደማያስተላልፍ ነው፤ ይህንንም ጳውሎስ አስቀድሞ ተናግሮታል።

በኢትዮጵያ የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተለይ በተማሪዎች መካከል ተቀጣጠለ። ከዚያ የተወለደችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምዝገባ ተከልክላ፣ በደርግ ዘመንም ተዘግታ፣ ምእመናኗ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ ኖረዋል። መታሰርና መደብደብ ሳይበግራቸው ያለፉት የዚያ ትውልድ አማኞች በልሳን መጸለያቸውን እንደ ብርታት ምንጭ ይቆጥሩት ነበርና፣ ይህን ልምድ በንቀት መመልከት ታሪክን መበደል ነው። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የበዓለ ኀምሳውን ልሳን ለስብከት የተሰጠ የአሕዛብ ቋንቋ መሆኑን ታስተምራለች፤ ግእዙን በአማርኛ የሚፈታው የአንድምታ ትርጓሜም በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ቃል ሊብራራ እንደሚገባው የሚመሰክር የአገር ቅርስ ነው።

ዛሬ በብዙ አዳራሾች የሚታየው ግን ከጳውሎስ ሥርዐት የራቀ ነው። የውጭ አገር ሰባኪ ወደ መድረክ ሲወጣ አስተርጓሚ አብሮት ይቆማል፤ ያለ አስተርጓሚ ቢናገር ጉባኤው እንደማይጠቀም ሁሉም ያውቃል። በዚያው መድረክ ላይ ግን አገልጋይ ማይክ ይዞ በልሳን ሲናገር የሚተረጉም አይፈለግም፣ ለምን እንዳልተተረጎመ የሚጠይቅም የለም። ይባስ ብሎም በአንዳንድ ስብስቦች ልሳን ያልተቀበሉ ወጣቶች ከፊት ተሰልፈው ድምፅ እንዲደጋግሙ ይደረጋሉ፤ ያልቻለው እምነት እንደ ጎደለው ተቆጥሮ ያፍራል፣ የቻለውም የሰውን ድምፅ በመቅዳቱ ብቻ መንፈሳዊ ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልምምድ የመጀመሪያውን ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሁለተኛውን ያታልላል፤ በስጦታውም ላይ ንቀት ያመጣል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በመጀመሪያ የእረኞችና የአምልኮ መሪዎች ነው። በጉባኤ የሚነገር ልሳን ይተርጎም፣ ትርጓሜውም በቅዱስ መጽሐፍ ይመርመር፤ ተርጓሚ ከሌለ ማይኩ ይዘጋና አማኙ በጓዳው ይጸልይበት። ለአባልነት፣ ለአገልግሎትና ለክብር ልሳን መስፈርት መሆኑ ይቅር። ልሳንን የማይቀበሉ አብያተ ክርስቲያናትም በጓዳው በልሳን በሚጸልይ ወንድም ወይም እኅት ላይ ከማፌዝ ይታቀቡ፤ የሚጸልየውም ስጦታውን ለመመጻደቂያ አያድርገው። አንባቢም የትኛውም ጉባኤ ቢሆን በመንፈስ መመራቱን ማወቅ ቢፈልግ፣ ስንት ሰው በልሳን እንደ ተናገረ ከመቁጠር ይልቅ ድኻው፣ እንግዳውና ደካማው በዚያ ጉባኤ እንዴት እንደ ተያዙ ይመልከት።