መልካቸው አንድ፥ ሆዳቸው ሁለት፤ ቱርቦ የሚሸከመው የትኛው ሞተር ነው?

መኪና የሚወዱ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፦ ቱርቦ ያለው ላንድክሩዘር ለመሥራት ያሰበ ሰው ከየትኛው ሞተር ይነሣ? ከ1ኤች-ዜድ ወይስ ከ1ኤች-ዲ-ቲ? የሚለው ነው። ክርክሩ ሲረዝም አንዱ ይነሣና «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቱርቦው ብቻ ነው፤ እሱን ገዝቶ መግጠም ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ አባባል ለጆሮ የቀለለ፥ ለኪስ ግን የከበደ ነው። ብዙ ደኅና ሞተርም አስበልቷል። ምሕንድስና የምንማር ሰዎች ይህን እየሰማን ራሳችንን ነቅንቀን የምናልፍ ከሆነ፥ ሞተሩ በተሰነጠቀ ጊዜ ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ብቻ መጣል አንችልም።

በመጀመሪያ ለመመሳሰላቸው የሚገባውን ፍርድ እንስጥ። ሁለቱም ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣቸው የናፍታ ሞተሮች ናቸው። ሁለቱም ስድስት ሲሊንደር በአንድ መሥመር የተደረደረላቸው ናቸው። የሲሊንደሩ ስፋት በሁለቱም 94 ሚሊሜትር፥ የፒስተኑ ምልልስ በሁለቱም 100 ሚሊሜትር፥ ጠቅላላ ይዘታቸውም 4,164 ሴንቲሜትር ኩብ ነው። ሁለቱም 12 ቫልቭ አላቸው፤ የሁለቱም ካምሻፍት በቺንጋ ይዞራል። ኮፈኑን ከፍቶ ለሚመለከት ሰው መንትዮች ቢመስሉት አይፈረድበትም። ነገር ግን መንትዮች በመልክ ቢመሳሰሉ በሸክም ይለያያሉ።

ልዩነቱ ያለው ከውስጥ ነው። በ1ኤች-ዜድ ናፍታው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይረጭም። በቴስታታው ውስጥ ወደ ተሠራች አንዲት ትንሽ ክፍል ይረጫል፤ እሳቱ እዚያ ይነሣና በጠባብ አንገት በኩል እየተወነጨፈ ወደ ፒስተኑ አናት ይወርዳል። ይህ አሠራር ሞተሩን ጸጥተኛና ገራም ያደርገዋል። ነገር ግን ከእሳቱ ሙቀት ብዙው ለዚያች ክፍል ግድግዳና ለቴስታታው ይቀራል። በብርድ ጧት ያለ ብዙ ችግር እንዲነሣም አየሩን አጥብቆ መጭመቅ ስላለበት፥ የመጭመቅ ምጣኔው 22.4 ለ1 ሆኗል። በ1ኤች-ዲ-ቲ ግን ናፍታው በፒስተኑ አናት ላይ ወደ ተቆፈረው ጎድጓዳ በቀጥታ ይረጫል፤ ለግድግዳ የሚባክነው ሙቀት ያነሰ ነው፤ የመጭመቅ ምጣኔውም 18.6 ለ1 ብቻ ነው። ይህ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ ከነቱርቦው ስለ ሆነ፥ የናፍታ ፖምፓው ሳይቀር የቱርቦውን ግፊት እየተከተለ ናፍታ የሚጨምርና የሚቀንስ ነው።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፥ 22.4ንና 18.6ን፥ እንዲያው የመጽሐፍ ቁጥሮች ናቸው ብለን አንለፋቸው። በክፍል የተማርነውን የመጭመቅ ሕግ ወስደን፥ ኤክስፖነንቱን 1.35 አድርገን እናስላ። 1ኤች-ዜድ የሳበውን አየር ግፊት 66 ጊዜ ያህል ያባዛዋል፤ 1ኤች-ዲ-ቲ 52 ጊዜ ያህል። ገና ናፍታ ሳይቃጠል፥ እኩል አየር ቢሰጣቸው እንኳ፥ በ1ኤች-ዜድ ውስጥ ያለው ግፊት ከሌላው ከሩብ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፥ 1ኤች-ዲ-ቲ 0.28 ባር ያህል የቱርቦ ግፊት ቢጫንበት፥ ገና 1ኤች-ዜድ ያለ ምንም ቱርቦ በባሕር ዳርቻ ከሚሸከመው ጋር መተካከሉ ነው። «ልዩነታቸው ቱርቦው ብቻ ነው» የሚለው ሰው ይህችን ስሌት በወረቀት ላይ ይሞክራት።

ታዲያ በ1ኤች-ዜድ ላይ ቱርቦ መግጠም ፈጽሞ ነውር ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። እዚህ ላይ አገራችን የራሷን ቃል ትናገራለች።

ቱርቦ የተፈለሰፈው ለጉራ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ያሰበው በጭስ የሚባክነውን ኃይል መልሶ ለማሠራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ አስወጥቶ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በቱርቦ ሞከረው። ሞተሩ በቀጭኑ አየር ያጣውን ጉልበት መልሶ አገኘ። እንግዲህ ከቱርቦ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ተራራ የወሰደውን ማስመለስ ነበር።

እኛም የምንኖረው በተራራ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሯ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 1.01 ነው። ሩብ የሚጠጋው አየር የለም ማለት ነው። 1ኤች-ዜድ 96 ኪሎዋት አለው የሚባለው በባሕር ወለል ሒሳብ ስለ ሆነ፥ እዚህ ከዚያ ውስጥ ሩብ የሚጠጋውን ሊያጣ ይችላል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስተውም አየሩ አንሶት ናፍታው ስለሚተርፍ ነው። በዚህ ሞተር ላይ 0.25 ባር ያህል የምትሰጥ ትንሽ ቱርቦ ብትገጠም፥ መሐንዲሶቹ በባሕር ዳርቻ ከፈቀዱለት ግፊት እምብዛም የሚያልፍ ነገር አልተጫነበትም። የተቀማውን አገኘ እንጂ የሌላውን አልነጠቀም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። 1ኤች-ዜድ ያለው ሰው ተራራ የወሰደበትን ብቻ ይመልስ፤ እዚያ ላይም ይቁም። ከዚያ የበለጠ ጉልበት የሚሻ ሰው ግን ከ1ኤች-ዲ-ቲ ይነሣ። ከፋብሪካው 120 ኪሎዋት ያህል ይዞ የወጣ፥ ለሸክሙም አስቀድሞ የታጠቀ ሞተር ነውና። በ1ኤች-ዜድ ላይ አንድ ባር ለመጫን የሚታገል ሰው መጀመሪያ ጓርኒሲዮን፥ ቀጥሎ ፒስተን፥ በመጨረሻም የተሰነጠቀ ቴስታታ ሲለውጥ፥ የ1ኤች-ዲ-ቲን ዋጋ ሳያውቀው ከፍሎ ይጨርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የቱርቦው መቈጣጠሪያ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው 0.25 ባር፥ መኪናው ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ከሙሉው አየር ላይ የተጨመረ ትርፍ ይሆናል። በተገላቢጦሽ ደግሞ አዋሽ ላይ ፖምፓው ናፍታ እንዲያበዛ የተከፈተለት መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ አየሩ ይከዳዋል፤ ናፍታው ግን እንደዚያው ይፈስሳል፤ የጭሱ ሙቀት ያሻቅባል። ብዙ ባለሙያዎች 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ወሰን አድርገው ይይዛሉ። ይህን የሚያሳይ መለኪያ ሳይገጥም የፖምፓውን ብሎን የሚያዞር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የዓባይን በረሃ የሚወርድን ሾፌር ይመስላል።

ተቃዋሚዎቼ ሁለት ነገር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንደኛው «1ኤች-ዜድ በየሃርድቶፑ ስላለ ዕቃውም መካኒኩም በየከተማው ይገኛል፤ 1ኤች-ዲ-ቲ ግን ብርቅ ነው» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የዕቃ መገኘት ሞተሩን እንደ ተፈጠረ ለማኖር ምክንያት ይሆናል እንጂ፥ ከዐቅሙ በላይ ለማስጨነቅ ፈቃድ አይሆንም። ሁለተኛው «1ኤች-ዲ-ቲም ነውር አለበት፤ የቢዬላው ብሮንዝ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ነው። ይህም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ብሮንዝ አስቀድሞ ተከፍቶ ሊታይና በጥቂት ወጪ ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው። የመጭመቅ ምጣኔን ግን በመፍቻ መለወጥ አይቻልም። የታወቀ በሽታ ካልታወቀ በሽታ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የመኪና ወሬ ስለሚጥመኝ ብቻ አይደለም። በገጠር መንገድ ወላድ እናቶችን ከሚያመላልሱት አምቡላንሶች ብዙዎቹ እነዚሁ ሃርድቶፖች ናቸው። ጉልበቱ የተጨመረለት መኪና ፍሬኑ፥ ፍሪሲዮኑና ራዲያተሩ እንደ ድሮው ከሆኑ፥ ዳገቱን ፈጥኖ ይወጣ ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን የሚከፍለው ከኋላ የተኛው በሽተኛ ነው። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፥ በእጃችን ያለው ሞተር በቀላሉ የሚተካ ዕቃ እንዳልሆነ ልብ ልንል ይገባናል። አንድ ደኅና 1ኤች-ዜድ በችኮላ ማቃጠል የግል ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ የአገር ሀብት ማባከን ነው።

ጓደኞቼ፥ የተማረ ሰው ከሌላው የሚለየው በቃላት ብዛት ሳይሆን፥ ከመግዛቱ በፊት በማስላቱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ስንገኝ «ይቻላል ወይ?» ብቻ ብለን አንጠይቅ፤ ለጥቂት ቀን ሁሉም ነገር ይቻላልና። «ይህ ሞተር ሲፈጠር ለየትኛው ሸክም ነው የተሠራው? የምጭንበትስ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን አንድ እርሳስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይሰጡናል፤ ከቴስታታም ዋጋ እጅግ የረከሱ ናቸው።