በቅጠል ላይ ስለሚረጨው ማዳበሪያ

ዐቢይ ጾም በቀረበ ቍጥር የሽንኵርት፥ የቲማቲም፥ የጎመንና የድንች ፈላጊ እንደሚበዛ የታወቀ ነው። አትክልተኛውም ይህን ስለሚያውቅ፥ በመስኖ ያለማው መደብ ለገበያው ቀን እንዲደርስለት ሲደክም ይከርማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ታዲያ ለዚህ ድካም መድኀኒት ነው የሚባል ነገር በየገበያው ሲሸጥ ይታያል፤ ይኸውም በውኃ ተበጥብጦ በቅጠል ላይ የሚረጨው ማዳበሪያ ነው። ዕቃው በጠርሙስና በትንንሽ ከረጢት የታሸገ፥ ሥዕሉ ያማረ፥ ጽሕፈቱ ግን ብዙውን ጊዜ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሻጩም ለቲማቲሙም፥ ለአቮካዶውም፥ ለቃሪያውም አንዱን ጠርሙስ አውጥቶ ይሰጣል። ገበሬው የሚከፍለው ገንዘብ የልጆቹ የትምህርትና የልብስ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር በውነት የሚጠቅመው መቼና የት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ቅጠል ምግብ ይቀበላል ማለት ሐሰት አለመሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ግድም ኤውዜብ ግሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ብረት አጥተው ቅጠላቸው ቢጫ የሆነባቸውን ተክሎች የብረት ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ቢረጫቸው አረንጓዴነታቸው እንደ ተመለሰ አሳየ። ደግሞም በ1916 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴቶች ማክስዌል ጆንሰን የተባለ ሊቅ፥ ማንጋኒዝ በበዛበት አፈር ላይ በቅሎ የገረጣውን አናናስ በዚሁ መንገድ አዳነው፤ የአናናስ ገበሬዎችም ሥራውን ተከትለው ልማድ አደረጉት። ከ1950 ዓ.ም. ወዲህም በአሜሪካ በሚሺጋን ቱኪና ዊትወር የተባሉ መምህራን ጨረር በሚሰጥ ምልክት የታወቀ ምግብ በቅጠል ላይ አድርገው፥ ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ሲወርድ በመሣሪያ ተከታትለው አረጋገጡ። እንግዲህ የነገሩ መሠረት የጸና ነው። ነገር ግን ግሪስም ሆነ ጆንሰን ያዳኑት ተክል የጐደለው አንድ ነገር ብቻ፥ ያውም በጥቂት መጠን የሚፈለገው ብረት እንደ ነበረ ልብ ማለት ያሻል። ከዚህ ወጥቶ ቅጠልን በመርጨት ተክሉን በሙሉ እመግባለሁ የሚል ሰው፥ እነርሱ ያላሉትን ይናገራል።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በአንድ ሄክታር ላይ 400 ኩንታል ቲማቲም የሚሰጥ ተክል 100 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይፈልጋል። ቅጠሉ እንዳይቃጠል ዩሪያው ከመቶ አንድ እጅ ተደርጎ ቢበጠበጥ፥ ለአንድ ሄክታር በሚረጨው 400 ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገባው ዩሪያ 4 ኪሎ ነው። ከዩሪያው ናይትሮጅን የሆነው ከመቶ 46 እጅ ስለ ሆነ፥ ጠብታው ሁሉ ሳይባክን ቅጠሉ ቢጠጣው እንኳ ተክሉ የሚያገኘው ከ2 ኪሎ ያነሰ ነው። ስለዚህ 100 ኪሎውን በቅጠል በኩል ለመስጠት ከሃምሳ ጊዜ በላይ መርጨት ሊያስፈልግ ነው። ውኃውን ቀድቶ፥ መርጫውን በጀርባው አዝሎ፥ በየመደቡ መካከል ሃምሳ ጊዜ የሚመላለስ ገበሬ የት ይገኛል? መጠኑን አብዝቶ ልጨርሰው ቢልም የቅጠሉ ጫፍ ይጠቍራል፤ ቅጠል በሰም መሰል ልባስ የተሸፈነው ውኃን ለመጠበቅ እንጂ እንደ ሥር ምግብ ለመሰብሰብ አይደለምና። ፎስፎረስና ፖታሲየምም በብዛት የሚፈለጉ ስለ ሆኑ ሒሳባቸው ከዚህ አይለይም።

ዚንክ፥ ቦሮን፥ ብረትና ማንጋኒዝ ግን ተክል የሚፈልጋቸው በግራም በሚቈጠር መጠን ስለ ሆነ፥ በአንድ ወይም በሁለት ርጭት የጐደለውን መሙላት ይቻላል። ለብርቱካንና ለሎሚ አዲሱ ቅጠል ሲወጣ የሚረጭ ዚንክ፥ አበባው ሊፈካ ሲል የሚረጭ ቦሮን፥ በትክክል ጉድለት ባለበት ስፍራ ፍሬውን ያበዛል። የካልሲየም ነገር ደግሞ ከሁሉ ይለያል። ካልሲየም በቅጠል ላይ ከዐረፈ ወደ ፍሬው አይሻገርም። ስለዚህ በጨንቻ ደጋ እንደሚበቅለው ያለ ፖም ሥጋው ውስጥ ቡናማ ነጥብ እንዳይወጣበት ካልሲየም ሲረጭለት፥ መፍትሔው ያለው ፍሬውን ራሱን በማርጠብ ነው። የቲማቲሙ ፍሬ ከታች በኩል ጠቍሮ ሲበሰብስም ሻጩ የካልሲየም ጠርሙስ ያቀርባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ካልሲየሙ በአፈሩ ውስጥ አለ፥ የጐደለው በልክ የሚመጣ ውኃ ነው። መደቡ አንድ ሳምንት ደርቆ በሚቀጥለው ሳምንት ቢጥለቀለቅ ካልሲየሙን ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውኃ ይቋረጣል። ይህን የሚያድነው የመስኖው ተራ አለመዛባት ነው፤ ይህም በውኃ ኮሚቴው እጅ ያለ ነገር ነው እንጂ በጠርሙስ የሚገኝ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን አፈር እንመለስና ሁለት ስፍራዎችን እናነጻጽር። ቀድሞ ዝዋይ ይባል በነበረው በባቱና በመቂ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኵርት የሚበቅልበት የስምጥ ሸለቆ አፈር በብዙ ቦታ ኖራማ ነው። እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ ብረትና ዚንክ ቢኖሩም እንኳ ታስረው ስለሚቀሩ ሥሩ ሊያገኛቸው አይችልም። አፈር ላይ ቢበተኑም ዳግመኛ ይታሰራሉ። እዚህ ላይ በቅጠል መርጨት አቋራጭ መንገድ ስለ ሆነ ተገቢ ነው። በጎጃም በሜጫ ወገን፥ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ በተሠራው በቆጋ መስኖ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የዚያ አገር ቀይ አፈር አሲድ የበዛበት ነው፤ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 እጅ የሚበልጠው እንዲሁ አሲዳማ እንደ ሆነ ጥናቶች ያመለክታሉ። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም በዝተው ፎስፎረሱን ያስሩታል፥ ሥሩንም ያጫጩታል። እንዲህ ላለው ተክል ብረት ያለበት ርጭት መስጠት ውኃ የጥለቀለቀውን ሰው ውኃ እንደ ማጠጣት ነው። የሚፈልገው ኖራ ነው፤ ኖራው አፈሩን ካስተካከለው በኋላ ኤን.ፒ.ኤስ.ና ዩሪያ፥ ከእነርሱም ጋራ ፍግና ኮምፖስት። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ በመቂም በሜጫም ገበያ በአንድ ቃል እየተመሰገነ ሲሸጥ፥ ከሁለቱ ገበሬዎች አንደኛው ገንዘቡን በከንቱ መጣሉ አይቀርም።

በአፈር ስለሚጨመረውም ማዳበሪያ አንድ ነገር እንናገር። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. የጀመረው የአፈር መረጃ ጥናት፥ በብዙ ወረዳ ድኝ፥ ዚንክና ቦሮን እንደ ጐደሉ ስላሳየ፥ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በዳፕ ፈንታ ድኝ ያለበት ኤን.ፒ.ኤስ. እንዲገባ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አትክልተኛው ይህን ማዳበሪያ ለእህል በተሰጠው ምክር እየለካ፥ አንዳንዱም ቅጠሉ ሲጠቍር ደስ እያለው ዩሪያውን ሲያበዛ ይታያል። ናይትሮጅን የበዛበት ቲማቲም ቅጠሉ ይንዠረገጋል፥ አበባው ይረግፋል፥ ፍሬውም ይዘገያል። ቅጠል ብቻ ስለ ተገኘባት በለስ በወንጌል የተጻፈውን የሚያነቡ መምህራን ይህን ለገበሬው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። በሉቃስ ወንጌል የተጠቀሰው አትክልተኛም ዛፊቱ ከመቈረጧ በፊት አንድ ዓመት ሲለምንላት፥ ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ ሊያደርግላት እንጂ ቅጠሏን ሊያርስላት አልነበረም።

የተረፈው ዩሪያ ደግሞ በመደቡ ላይ አይቀርም፥ ከዝናብና ከመስኖ ውኃ ጋራ ይወርዳል። የቆጋ ውኃ ወደ ግልገል ዐባይ፥ ግልገል ዐባይም ወደ ጣና ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ ከሚበላው ምግብ አንዱ ይህ ከእርሻ ታጥቦ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። የጣና ገዳማት አባቶች ታንኳቸው በአረሙ ሲታሰር ያዩት ስለ ሆነ፥ የማዳበሪያ ልክ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ነው ሊባል አይቻልም። ለዚህም ነው ርጭት በቦታው ሲሆን የምንደግፈው፤ ጥቂት ግራም ዚንክ በቅጠል መስጠት ወደ ሐይቅ የሚወርድ ትርፍ አያበዛምና።

የሚረጭ ሰው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ርጭቱ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን፤ በቀትር የተረጨ ውኃ ቶሎ ደርቆ ጨውን በቅጠሉ ላይ ይተዋል። የቅጠሉ ሆድም እንደ ጀርባው ይርጠብ። ካልሲየም ያለበትን ከፎስፌት ወይም ከሰልፌት ጋራ በአንድ መርጫ የቀላቀለ ሰው፥ ዝቃጩ አፈሙዙን ሲደፍንበት ያየዋል። ለብርቱካንና ለሎሚ የሚረጭ ዩሪያ ቢዩሬት የሚባለው ጐጂ ነገር ከመቶ ሩብ እጅ የማይበልጥበት መሆን አለበት፤ ለአፈር ተብሎ የመጣው ዩሪያ ሁሉ ግን ይህን አያሟላም። ከሁሉ የከፋው ማዳበሪያውን ከተባይ መርዝ ጋራ መላ ምት ቀላቅሎ መርጨት ነው፤ ይህ ለተክሉም፥ ለረጪውም፥ ጎመኑን ለሚበላውም አስጊ ነው።

በዚህ ነገር የሹማምንት ሥራ ቀላል አይደለም። ማዳበሪያችን ከውጭ በጂቡቲ በኩል የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ ዋጋው ሲንር ገበሬው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ይታወሳል። ለጠርሙሱ ገበያ የደራለት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለናል፤ ኩንታሉ ሲወደድ ሊትሩ ርካሽ ሆኖ ይታያል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ለማቆም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋራ ስምምነት ተፈርሟል። ሥራው ሲፈጸም የናይትሮጅንን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ ሆኖም ዩሪያ ኖራን፥ ዚንክንም አይተካም፤ ዛሬም በአትክልት መደብ ላይ ያለው ገበሬ እስከዚያ ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን በቅጠል የሚረጭ ማዳበሪያ ሁሉ በጠርሙሱ ላይ ምን ምን እንዳለበት ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ፥ በስንት ሊትር ውኃ እንደሚበጠበጥና ለየትኛው ጉድለት እንደ ሆነ፥ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ እንዲሸጥ ቢያስገድድ ተገቢ ነው። ይዘቱን መግለጽ የማይፈልግ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ይመለስ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ለአትክልተኛው መርጫ ከማደል በፊት የአፈሩን ምርመራ ውጤት ይስጠው። አትክልትና ፍራፍሬ በሚመረምርበት በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎችም የሚያውቁትን በመጽሔት ብቻ ሳይሆን በየገበያው ቀን ቢያሰሙት ይጠቅማል።

ገዳማትና አድባራት የአትክልት ስፍራ ያላቸው ስለ ሆኑ፥ ፈተናውን በቀላሉ ሊያደርጉት ይችላሉ። በአንድ ቀን ከተተከለ ቲማቲም ሁለት ትይዩ መደብ ይለይ፤ ውኃውም፥ ፍጉም፥ ኵትኳቶውም አንድ ዐይነት ሆኖ፥ አንዱ ይረጭ፥ ሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ብቻ ይረጭ። ፍሬው በተለቀመ ቍጥር የየመደቡ ክብደት በሚዛን ተለክቶ በመዝገብ ይጻፍ፥ ለጠርሙሱ የወጣውም ብር ከጐኑ ይቀመጥ። መዝገቡም ከመጪው የመስኖ ተከላ በፊት ገበሬው በተሰበሰበበት ይነበብ።