ስሙን ያልጻፈ ሁሉ ሌባ ነው እንዴ?

በቅርቡ ነው። ከፖስታ ቤት ተነስቼ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስወጣ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱባት አንዲት ጠባብ ቤት ጎራ አልኩ። ከፊቴ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የቤት ሥራውን ‹‹ፕሪንት›› እያስደረገ ነበር። ከአማርኛው ውክፔዲያ ያገኘውን ገጽ ሦስት ቅጠል አስወጥቷል። ወረቀቱን አየት አደረግሁት። የመጀመሪያው አንቀጽ ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ግን፣ በአንድ ንጉሥ የልደት ዘመንና በዘመቻው መካከል፣ የአንድን ብሔረሰብ ስም ጠርቶ እናት የሚሰድብ መስመር ተጋድሟል!

‹‹ማሙሽ፣ ይህን አንብበኸዋል?›› አልኩት።

‹‹አላነበብኩትም ጋሼ። ቲቸር ሦስት ገጽ አምጡ ብሎን ነው።››

አይ ጉዳችን! ልጁ ያንን ወረቀት አስረክቦ ቢሆን ኖሮ ተሳዳቢው እሱ ሆኖ አረፈው። የጻፈው ሰው የት አለና? ስም የለው፣ ፊርማ የለው። የገጹን ታሪክ ከፍቼ ሳየው ስድቡ እዚያ ከተቀመጠ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ስንቱ አንብቦት፣ ስንቱ ስቆበት፣ ስንቱ ጥርሱን ነክሶ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። እዚያው ቆሜ መስመሩን አጠፋሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ገጹ የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገር ነገ ሌላው ሄዶ ይጨምርበታል።

የቤቱ ባለቤት ነገሩን ሰምተው ተቆጡ። ‹‹ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን መዝጋት ነው እንጂ! ስሙን ለመጻፍ ያፈረ ሰው ለምን ይጻፍ ይባላል?›› አሉ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን አልነቀነቅሁም። ወረፋ ላይ ቆሞ ክርክር አይሆንምና ያን ዕለት ዝም አልኩ። መልሴ ይኸው።

ለመሆኑ ስም የለሹ ማነው?

ውክፔዲያ ማንም የሚያነበው፣ ማንም የሚጽፍበት መዝገበ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝኛ ተጀመረ። የእንግሊዝኛው ዛሬ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የእኛው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ለመጻፍ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ገብተህ ‹‹ልለውጥ›› ካልክ ትለውጣለህ። ነገር ግን የለወጥከው ሁሉ፣ ነጥብ እንኳ ብትሆን፣ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። የጠፋው አይጠፋም፤ ከታሪኩ መዝገብ ተጎትቶ ይመለሳል።

ስሙን ሳያስመዘግብ የሚጽፍ ሰው ለረዥም ዘመን የሚታወቀው አይፒ በሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩ ነበር። ያም ቁጥር ለዓለም ሁሉ ይታይ ነበር። ልብ በሉ! ስሙን የሸሸገ የመሰለው ሰው አንድ የፈጠራ ስም ካስመዘገበው ይልቅ የተጋለጠ ነበር። የፈጠራ ስም ምንም አይናገርም። ቁጥሩ ግን ከየት አገር፣ ከየትኛው መስመር፣ አንዳንዴም ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣ ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቨርጂል ግሪፊዝ የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች የሚያጣራ መሣሪያ ሠርቶ ቢያበጥራቸው፣ ከሲአይኤና ከቫቲካን ኮምፒዩተሮች ሳይቀር ገጾች ሲነካኩ መክረማቸው ወጣ። ስለዚህ ስም የለሽ ሲባል ሥራ የፈታ ጎረምሳ ብቻ አይምሰላችሁ። ከረባት ያሰረም አለበት።

ከ2024 ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ከሕዝብ ዓይን እየተሰወረ፣ ያልተመዘገበው ጸሐፊ ጊዜያዊ መለያ እየተሰጠው ነው። ቁጥሩን የሚያዩት የተፈቀደላቸው ጠባቂዎች ብቻ ናቸው። ‹‹ማን ጻፈው?›› ብሎ ቤት ለቤት የሚዞር መንግሥት ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አውጫጪኝ በኢንተርኔት ዘመን

‹‹ዝጉት›› የሚሉት ሰዎች ሳያውቁት የጠሩት አሮጌ ሕግ አለ። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይ ቤት ሲቃጠል፣ ሌባው ካልታወቀ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። አውጫጪኝ ይባላል፤ አፈርሳታም ይሉታል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ካልወጣ ዕዳው የሁሉም ነው። የባሰው ደግሞ ሌባሻይ ነበር። ልጅ ያስክር የነበረ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከፋዩ ሌባ ሆነ አልሆነ ማን ይጠይቃል?

የኢንተርኔት ቁጥርን በጅምላ ማገድ ይኸው ነው። በሞባይል ኢንተርኔት በርካታ ሰዎች አንድ ቁጥር ይጋራሉ። ዛሬ አንዱ በሰደበበት ቁጥር ነገ ሌላው ስለ ላሊበላ ሊጽፍ ይመጣል። በአገራችን ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ የኢንተርኔቱ በር አንድ ነበር። በር አንድ በሆነበት አገር አንዱን አጥፊ ለመያዝ በሩን ብትዘጋው ማንን ነው የምትዘጋው? የኳታርን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ2007 መባቻ ላይ የዚያች አገር ሰው ከሞላ ጎደል በአንድ ቁጥር ይገባ ስለነበር፣ ያ ቁጥር ሲታገድ ያልተመዘገበው የኳታር ጸሐፊ በሙሉ ለሰዓታት ከደጅ ቀረ።

እኛም ይህን በሽታ ከገዥዎቻችን እጅ ቀምሰነዋል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ከአገሪቱ ጠፋ። ጥላቻ የሚዘራውን ለይቶ ይቀጣል የተባለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እኮ ከወራት በፊት ታውጇል! አዋጁን ወድጄው አይደለም። ነገር ግን ‹‹ለይቼ እቀጣለሁ›› ያለ መንግሥት መለየት ሲደክመው አገር አጨለመ። እንግዲህ እኛ ያንን ስናወግዝ ከርመን፣ ተራው የእኛ ሲሆን ‹‹ሁሉንም ዝጉት›› ልንል ነው?

በብዕር ስም የጻፍን ሰዎች

ደግሞስ ስም ስለመደበቅ ማን ማንን ይከሳል? የዚህ አገር ሰው ነገሥታቱን ሲታዘብ የኖረው በእረኛ አፍ ነው። ‹‹እረኛ ምን አለ?›› ተብሎ ሲጠየቅ የእረኛውን ስም የጠየቀ የለም። ሳንሱርን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣም ከቤተ መንግሥት እስከ ቀበሌ ያለውን ጉድ በብዕር ስም ጻፍነው። በእናት አባታችን ስም ብንጽፈው ኖሮ እንጀራችንም አንገታችንም አይተርፍም ነበር።

ነገር ግን ያኔ አንድ ነገር ነበረን። ጸሐፊው ስሙን ቢሸሽግ ዋና አዘጋጁ አይሸሽግም። ስሙና አድራሻው ጋዜጣው ላይ ታትሞ ይወጣል። ፖሊስ ሲመጣ እሱን ነው የሚይዘው፤ ዘብጥያ የወረደውም እሱ ነው። ስድብና አሉባልታ ሲመጣለት ‹‹ይህ አያልፍም›› ብሎ የሚቀደው ሰው ነበረ። የብዕር ስም ጤና የሚሆነው ከኋላው እንዲህ ያለ ኃላፊ ሲቆም ነው።

እና የውክፔዲያ ዋና አዘጋጅ ማነው? አንተ ነህ! አንቺ ነሽ! ያ ስድብ አሥራ አንድ ቀን የተኛው ጸሐፊው ስም ስላልነበረው አይደለም። ዋና አዘጋጆቹ ሁሉ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ስለነበርን ነው።

ለአጥፊው ግን ጥብቅና አልቆምም

ይህን ስል ‹‹ተዉት፣ ይቀልድበት›› ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 አንድ ስም የለሽ ጆን ሲገንታለር በሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ገጽ ላይ፣ በሁለቱ ኬኔዲዎች ግድያ ይጠረጠር ነበር ብሎ ጻፈ። ሲገንታለር የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበረ ሰው ነው። ውሸቱ አራት ወር ሙሉ ተቀመጠ። ጸሐፊው ሲደረስበት ‹‹የሥራ ባልደረባዬን ላስቅ ብዬ ነው›› አለ። ለሳቅ! ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ። ያለውን ገጽ ማረም ግን አልከለከለም።

እኛ ዘንድ ቀልዱ ከዚህ ይከፋል። ስለ አዲስ አበባ የቀድሞ ስም፣ ስለ ድንበር፣ ማን ከየት መጣ ስለሚለው ነገር አንዱ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ይሰርዘዋል። የአፍሪካ ቀንድን የሚነኩ ገጾች በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከአረብና እስራኤል ጠብ ጋር አብረው ‹‹አወዛጋቢ›› ተብለው በልዩ ጥብቅ ደንብ ሥር ውለዋል። ስማችን የተነሳበትን መዝገብ ተመልከቱልኝ!

ከስድቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ደግሞ ዝምተኛው አጥፊ ነው። አንዲት ቁጥር ለውጦ ይሄዳል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። አንዱ ከተንኮል ሳይሆን ዘመን አቆጣጠሩ ተምታቶበት 1888ን ወደ 1896 ቢያዞረው ማን ያውቅበታል? በእንግሊዝኛው ስድብ የሚያሸት፣ በሴኮንዶች ውስጥ የሚሰርዝ ክሉቦት ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ከ2010 ጀምሮ ይጠብቃል። አማርኛውን ከሩቅ የሚያዩለት በጎ ፈቃደኛ የውጭ ሰዎች አሉ፤ ውለታቸው አይረሳም። ገጽ ሙሉ ሲጠፋ ያያሉ። ፊደላችንን ካላወቁ ግን ስድቡንና ምስጋናውን በምን ይለያሉ?

‹‹ሌሎቹ ዘግተው የለ?›› ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የፖርቱጋልኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ያልተመዘገበ ሰው ገጽ እንዳያርም ከለከለ፤ ጥፋቱም ቀነሰለት። እሱ ግን ከሚሊዮን በላይ ጽሑፍና የራሱ ጠባቂ ሠራዊት ነበረው። እኛ ዘንድ በጣት ከሚቆጠሩት ጸሐፊዎች ላይ አንዷን የተሳሳተች ፊደል ሊያርም ብቅ ያለውን መንገደኛ ብናባርር ማን ሊቀር ነው? ደግሞም ስም ማስመዝገብ ጨዋ አያደርግም። የክሮኤሽያኛው ውክፔዲያ ለዓመታት የታመሰው በራሱ አስተዳዳሪዎች ነው። ቀኝ አክራሪዎች ሥልጣኑን ይዘው የናዚ ተባባሪዎችን ታሪክ አሳመሩ፤ የተቃወመውን አገዱ። በ2013 የትምህርት ሚኒስትሩ ተማሪዎች እንዳያነቡት እስከማስጠንቀቅ ደረሱ። እነዚያ ሁሉ የተመዘገቡ ነበሩ! በሩ ተዘግቶ ቁልፉ በጥቂቶች እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ደረጃም አለው። መጀመሪያ የተበላሸውን መልስ። ስድቡን በስድብ አትመልስ፤ ተሳዳቢው የሚፈልገው ያንኑ ነው። ለውጡ ስህተት ይሁን ተንኮል ካልለየህ በውይይት ገጹ ጠይቀው፤ ጀማሪ ከሆነ ይማራል። ከደገመ አስጠንቅቀው። ካልሰማ አስተዳዳሪ ይገደው፤ ለአጭር ጊዜ፣ እሱን ብቻ። ብዙ ሆነው በአንድ ገጽ ላይ ከዘመቱ ያ ገጽ ብቻ ለጊዜው ላልተመዘገበ ሰው ይዘጋ። ጅብ አንድ በረት ገባ ተብሎ የአገሩ በር አይቸነከርም።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ግን ያስፈልጋል። ጡረታ የወጡ መምህራን የት ናችሁ? በየካፌው ‹‹ታሪካችን ተበረዘ›› የምትሉ ምሁራን የት ናችሁ? በዋሽንግተንና በለንደን ያላችሁ ወገኖች፣ በየሳምንቱ ሰዓታት ስትሰዳደቡ የምታጠፉትን ኢንተርኔት ለአንድ ገጽ ጥበቃ ብታውሉት ምን አለበት? አንድ ሰው አሥር ገጽ ቢጠብቅ፣ 15 ሺውን ለመጠበቅ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰው ይበቃል። ከቸርችል ጎዳና ታች እስከ ማዘጋጃ ቤት በአንድ ጠዋት የሚያልፈው ሰው ከዚህ አይበልጥም እንዴ?

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሳለች። ከፒያሳ ስንቱ አብሮ ሄደ። ቤቱ ሲፈርስ ከጽሑፍና ከትዝታ በቀር የሚቀር የለም። የቸርችል ልጆች ነገ ‹‹እዚህ ምን ነበር?›› ብለው የሚጠይቁት ያንን ገጽ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ማሽንም አማርኛችንን ከዚያው ይለቅማል። ገጹን ያልጠበቀ ሰው ነገ ልጁ በስድብ ፊርማ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ አይደንግጥ።

ያ ተማሪ የተስተካከለውን ገጽ እንደገና አሳትሞ ሲወጣ ‹‹ጋሼ፣ እኔም ማስተካከል እችላለሁ ማለት ነው?›› ብሎ ጠይቆኛል። አዎ ማሙሽ፣ ትችላለህ፤ ማንም ስምህን አይጠይቅህም። በሩ ለአንተ ሲባል ነው ክፍት የሚቆየው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!