ሲመሽ የሚሸጥ በግ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የበዓል ዝግጅት ኮሚቴው ሪፖርት ሲነበብ፥ ለፋሲካ የታረዱት ስድስት በጎች «በኮሚቴው አባሎች ብልሃትና ትዕግሥት» ከተጠየቀው ዋጋ እጅግ ባነሰ እንደ ተገዙ ተገልጾ ነበር። አዳራሹም አጨበጨበ። እኛም አብረን አጨብጭበናል፤ ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ወቀሳ ከራሳችን የሚጀምር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲረዱልን እንለምናለን።

ብልሃቱ ምን እንደ ነበር ከኮሚቴው አባሎች አንዱ ኋላ አጫውቶናል። ጧት ገበያ ወጥተው ዋጋ ጠየቁ፤ ሳይገዙም ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተመለሱ። ከጧቶቹ ሻጮች መካከል ሁለት ጠቦት ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ገና ቆመው ነበር። «አባባ፥ ይጨርሱልን» አሏቸው። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲህ መልሼ አልነዳቸው፤ ውሰዷቸው ልጆቼ» አሉ። ትዕግሥት የተባለው ይኸው ነው።

ከእኛ መካከል አባቱ በዚያ ሰዓት በዚያ ዓይነት ገበያ ቆሞ የማያውቅ ስንቱ ነው? በመንዝና በአካባቢው ደጋ ውርጭ ገብሱን በመታው ዓመት ጎተራ ሲጎድል የሚሸጠው በግ ነው። የማዳበሪያው ገንዘብ፥ የሐኪም ቤቱ፥ የእኛም ደብተርና የቤት ኪራይ የሚወጣው ከዚያው ነው። ገበሬው አምስት ወይም ዐሥር በግ ቢያረባ፥ ችግር በመጣ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ነድቶ ለመሸጥ ነው እንጂ ነጋዴ ለመሆን አይደለም። ችግሩም ቀን አይመርጥለትም።

ዋጋ ግን ቀን ይመርጣል። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ፈላጊ ያንሳል፤ ከነሐሴ 1 በሚጀምረው ፍልሰታ፥ ከኅዳር 15 እስከ ገና በሚጾመውም የነቢያት ጾም እንዲሁ ነው። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ገበያው ይሞቃል። በጾሙ ወራት ገዝቶ እስከ በዓሉ ዋዜማ ማቆየት የሚችል ሰው ያተርፋል። ጠቦቱን አምስት ወር በእናቱ ሆድ፥ ዘጠኝ ወር በመስክ የጠበቀው ሰው ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት መጠበቅ ያቅተዋል። በትምህርት ክፍላችን ለዚህ ነገር የሚሰጠው ምክንያት «የገበያ ዕውቀት ማነስ» የሚል ነው። መምህራኖቻችንን እናከብራለን፤ ነገር ግን ፋሲካ መቼ እንደሚውል የማያውቅ ገበሬ አላየንም።

በሄድንባቸው ገበያዎች ሁሉ የቁም ሚዛን አላገኘንም። ስኳሩ በኪሎ፥ ሥጋውም ራሱ ሉካንዳ ሲገባ በኪሎ ይሸጣል፤ በጉ በቁሙ ሳለ ግን በግምት ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ገላውን ስለሚሸፍነው ዐይን አይበቃም፤ ገዢው ወገቡን ጨብጦ፥ ላቱን በመዳፉ አንሥቶ፥ ጥርሱን አይቶ ይገምታል። በቀን ሃምሳ በግ የሚዳብስ እጅ በዓመት ሦስት ከሚሸጥ ሰው እጅ ጋር አይተካከልም። ነጋዴው ማታ አዲስ አበባ ደውሎ የነገውን ዋጋ ያውቃል። ገበሬውም ዛሬ ስልክ አለው፤ የሚደውልለት ሰው ግን የለውም። ቀኑ ሲመሽ ደግሞ የሦስት ሰዓት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ጅብ አለ፤ ገንዘቡን የሚጠብቅ ባለዕዳም አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819 ይህን ገበያ ሥርዓት ለማስያዝ የታሰበ ነበር፤ እኛ ከገዛናቸው ሽማግሌ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ጉዳቱ በሻጩ ኪስ ብቻ አይቀርም። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ገዢ ያገኛል፤ ቶሎም ይሸጣል። በመንጋው ውስጥ የሚቀረው ቀርፋፋው እንስቶቹን ያጠቃና የሚቀጥለው ውላጅ ከፊተኛው ያንሳል። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች ጋር በ2001 ዓ.ም. ገደማ በመንዝ የጀመረው ሥራ ይህን ለማቃናት ነው፤ ገበሬዎቹ ምርጡን አውራ በግ አስቀርተው በጋራ ይጠቀሙበታል። የሚደነቅ ሐሳብ ነው። አውራውን ለማስቀረት ግን ባለቤቱ ዛሬ ላለመሸጥ አቅም ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ለኅብረቱ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ለሚመጣው ገና ኮሚቴው ከአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በጎቹንም ከየቤቱ በአንድ ቀን፥ በሚዛን፥ ከሳምንት በፊት በተነገረ የኪሎ ዋጋ ይግዛ። ተንጠልጣይ ሚዛን ከእንስሳት ሳይንስ ክፍል መዋስ ይቻላል። የአዲስ አበባን ዋጋ ጠይቆ ለገበሬዎቹ መንገርም ለእኛ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሻጩ በጉን ጨው አልሶ ውኃ እያጠጣ ያታልለናል የሚል ወገን አለ። ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያስ ጧት ውኃ ሳይጠጣ ይመዘን፤ ቁጥሩንም ሁለቱም ወገኖች ያንብቡት።

ወጪው ካለፈው እንደሚበልጥ አንሸሽግም። 25 ኪሎ ከሚመዝን በግ የሚገኘው ሥጋ 10 ወይም 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ መዋጮው ካልበቃ ስድስቱ በጎች አምስት ይሁኑ፤ ወጡም ድንች ይጨመርበት። በዓመት ዘጠኝ ወር ሽሮ የሚበላ ተማሪ በድንች አይደነግጥም።

ኮሚቴው መልስ ቢጽፍ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን። ያስቀነስነውን ገንዘብ ለሽማግሌው ስለ መመለስም አንድ አባል ጠይቆን ነበር፤ አገራቸውን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘንም።