«ሚክጾዓ፦ የለም» የተባሉት ገበሬዎች



በልጅነታችን መጥተን፣ እዚህ ተምረን ማኅበራዊ ሠራተኛ የሆንን ሰዎች አንድ የሚያንገበግበን ነገር አለ። የእናንተን ፋይል ስንከፍት «ሚክጾዓ» በሚለው መስመር ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው «የለም» የሚል ቃል ነው። ሠላሳ አርባ ክረምት አርሶ ቤተሰብ የመገበ ሰው እኮ ነው ሙያ የለውም የተባለው! ልጆቻችሁም ወረቀቱን እየተረጎሙላችሁ ስላደጉ አንዳንዶቹ አምነውታል። ከእንግዲህ ሲጠይቋችሁ «ገበሬ» በሉ። ጸሐፊዋ ዝም ካለች ድገሙላት።

ሙያው ምን እንደነበረ እስቲ እንናገር። ደምቢያ ላይ ያረሰ ሰው ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውኃ እንደሚያቁር፣ በበጋ እንደሚሰነጣጠቅ ያውቃል። ስለዚህ ውኃው እንዲወርድ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ጤፍ በጤፍ ላይ ዓመት ዓመት አይደጋግምም፤ በሽምብራ ወይም በባቄላ ያፈራርቀዋል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምክንያቱን ያስተምራሉ፦ በጥራጥሬ ሥር ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይወስዱና ለተክሉ ይሰጡታል፤ ሥሩና ገለባው ሲበሰብስ ከፊሉ ለሚቀጥለው ሰብል ይተርፋል። አባቶቻችን ስሙን አልሰሙም፣ ሥራውን ግን ያውቁታል። ተዳፋት ላይ ያረሱት አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስድባቸው ድንጋይ ይደረድሩ ነበር። ለጓሮው ፍግና አመድ ይሰጡታል፣ የደከመውን ማሳ ጦም ያሳድሩታል። እናቶቻችንም የትኛው ጭቃ ምጣድ እንደሚወጣው፣ የትኛው እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ በጣታቸው ይለያሉ። እሱስ የአፈር ዕውቀት አይደለም?

ደግሞ ይህን ሁሉ ያደርጉ የነበረው በአብዛኛው በሰው መሬት ላይ ነው። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1975) የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙው ወገናችን ርስት አልነበረውም፤ ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ ለባለመሬቱ ያካፍል ነበር። ነገ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ለአፈሩ ይህን ያህል ሲደክም ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የምንኖርባት ፔታህ ቲክቫስ? ፎቁ አያታልላችሁ። በ1878 ከኢየሩሳሌም የመጡ አይሁዶች የቆረቆሯት የገበሬ መንደር ናት። መጀመሪያ ላይ በያርኮን አካባቢ ወባ ፈጃቸውና ቦታውን ለቀው ሄዱ፤ ከዚያ ተመልሰው አቀኑት። በኋላ የብርቱካን ፓርዴስ ስሟን ያስጠራው ሐምራ በሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር ላይ ነው። ሐምራ የዋልካ ተቃራኒ ነው፤ ውኃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ የብርቱካን ሥር አይበሰብስበትም። ግን ያው ቶሎ ይደርቃል፣ ምግቡም ታጥቦ ይወርዳል፤ ፍግ ይወዳል፣ ውኃውንም ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ ቢሰጡት ይሻለዋል። ያ አፈር ዛሬም በየሽኩናው፣ በሕንጻዎቹ መካከል አለ።

እዚያው አጠገብ አባቶቻችን ሞዓዶን ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ከዒርያው ቁራሽ መሬት እንጠይቅ የምንለው ለዚህ ነው። በቤር ሸቫ በአንድ መርከዝ ክሊታ ግቢ ኦሊሞቻችን አትክልት አልምተዋል፤ እዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን «ሽማግሌ ማዝናኛ» ይሉታል። አንስማማም። ሽማግሌው አስተማሪ፣ የትምህርት ቤቱ ልጅ ተማሪ ሆኖ ነው መግባት ያለባቸው።

«ልጄን ከሞፈር ያወጣሁት መልሼ ላስይዘው ነው?» የምትሉ ወላጆች አላችሁ፤ ይገባናል። ልጁ ሐኪም ይሁን፣ ኢንጂነር ይሁን። ግን አያቱ ምን ያውቁ እንደነበር ሳያውቅ ሲያፍርባቸው እኛ በሥራችን እናየዋለን፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያመጣም እናየዋለን።

አገሩ የተለየ ነው፤ በጋው ደረቅ፣ ዝናቡ በብርድ ጊዜ። የሽሚታም ሕግ አለ፤ ቀጣዩ በ2028 መስከረም ላይ ይገባል። ለእናንተ ግን አዲስ አይደለም፤ መሬት በሰባተኛው ዓመት ታርፋለች የሚለውን ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ታውቁታላችሁ፣ መሬት ጦም ማሳደርንም ታውቃላችሁ። ባቄላ እዚህ ከሱኮት በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር ይዘራል። ዒርያው ዘንድ አብራችሁን ለመሄድ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚያ በፊት ለሞዓዶናችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ ስማችሁን ስጡ፤ የልጅ ልጅ ያላችሁ አንድ ይዛችሁ ኑ።