ጠርሙሱ የእኛ፣ ብርጭቆው የማን?

ሜልበርን የምንኖር ሐበሾች በአንድ ነገር ላይ እንስማማለን (ብርቅ ነው)፦ ሰው ሲበዛና ኪስ ሲሳሳ የሚኬደው ታይ ቤት ነው። የላስቲክ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የታይላንድ ንጉሥ ፎቶ፣ በሩ ላይ ደግሞ ሦስት ፊደላት፦ ቢ ዋይ ኦ። በእኛ አፍ «የምትጠጣውን ይዘህ ና» ማለት ነው። ምግቡን እነሱ ይሠራሉ፣ ወይኑን እኛ ከመጠጥ ሱቅ ገዝተን እንገባለን።

ባለፈው ዓርብ ስምንት ሆነን ሄድን። አረንጓዴ ከሪ፣ ፓድ ታይ፣ ቶም ያም፣ የፓፓያ ሰላጣ። ሁሉም መሐል ላይ ይቀመጥና እየተካፈሉ ይበላል፤ ከእንጀራው በቀር አገር ቤት ነው። «እኛ በሚጥሚጣ ያደግን ሰዎች ነን፣ በጣም ይቃጠል!» ብሎ ያዘዘው ጓደኛችን እንባው ሲወርድ አይተናል፤ ስሙን አንጠራም። ጿሚዋ ደግሞ «አትክልት ብቻ» አለች። ከሪው ውስጥ የተፈጨ ሽሪምፕ፣ ፓፓያው ውስጥ የዓሣ ሶስ እንዳለ አስተናጋጇ ስትነግራት ከነጭ ሩዝና ከቶፉ ጋር ቀረች። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር አንከፍትም፤ ሌሊቱ አይበቃንም።)

ጠቡ የመጣው ከሒሳቡ ጋር ነው። ከታች «ኮርኬጅ፣ በነፍስ ወከፍ 3 ዶላር» ይላል። ኮርኬጅ የቡሽ ማስከፈቻ መሆኑ ነው። ሃያ አራት ዶላር! «ጠርሙሱን ያመጣነው እኛ፣ የከፈትነው እኛ፣ ደግሞ የምን ቡሽ ነው? በእጅ የሚዞር ክዳን አይደል እንዴ!» ተባለ። አንዳችን አስተናጋጇን ሊጠራ እጁን አነሣ።

ያስቆመው ከመካከላችን በተማሪነቱ ሁለት ዓመት ሬስቶራንት ጓዳ ዕቃ ያጠበው ነው። «ብርጭቆ ቁጠሩ» አለን። ቆጠርን። ለቢራ፣ ለነጭ ወይን፣ ለቀይ ወይን፣ ለውሃ፤ ሠላሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንዱን ሰብረናል። በረዶ ሁለት ጊዜ አስመጥተናል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠናል፤ በር ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልጁ ልክ ነው። መጠጥ የሚሸጥ ሬስቶራንት ጥሩ ትርፍ የሚያገኘው ከጠርሙሱ ነው፤ ሱቅ ውስጥ 15 ዶላር የሆነውን ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጎ መሸጥ የተለመደ ነው። ያ ቤት ይህን ትርፍ ለእኛ ትቶ በሩዝና በከሪ ብቻ ኪራይ ይከፍላል። እዚህ ቪክቶሪያ መሸታ ቤቶች እስከ እ.ኤ.አ. 1966 ድረስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጉ ነበር። የመጠጥ ፈቃድ ማውጣት ውድ በነበረበት ዘመን «ይዘህ ና» የሚለው ዘዴ ገንዘብ ያልነበራቸውን ትናንሽ የስደተኛ ቤቶች አቁሟል። እኛም ስደተኞች ሆነን ስናበቃ በስደተኛ ጓዳ ላይ ሦስት ዶላር መከራከራችን ያስተዛዝባል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ዕቃ አጣቢው ነው፦ ዋጋው ወርዶ ወርዶ የመጨረሻውን ቅናሽ የሚከፍለው እሱ ነው። በዚህች ከተማ ከሕጋዊው ደመወዝ በታች እየተከፈለው ጓዳ የሠራ ሐበሻ ተማሪ የማያውቅ እጁን ያውጣ።

ቢሆንም አንድ ነገር ላይ አንለቅም፦ ኮርኬጅ በጠርሙስ እንጂ በራስ መቆጠር የለበትም። ጿሚዋ የጠጣችው ውሃ ነው፤ የምን ቡሽ ታስከፍት? ይህንኑ ለባለቤቷ በትሕትና አቀረብን። ሴትዮዋ ሳቀች። «ጭንቅላት አይደበቅም፤ ጠርሙስ ግን ጠረጴዛ ሥር ይገባል» አለችን።

ዝም አልን። በሩ ላይ «ወይንና ቢራ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከእኛ ጠረጴዛ ሥር ደግሞ ግማሽ ውስኪ ነበር።

ሃያ አራቱን ከፈልን፤ ለሰበርነው ብርጭቆም ጨመርን። የጿሚዋን ሦስት ዶላር የተካፈልነው ጠጪዎቹ ነን፤ ለውስኪው ባለቤት የደረሰው ድርሻ ግን ትንሽ ከበድ ያለ ነው።